የግቢ መብራት በውስን በጀት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለግቢ መብራት የተያዘ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው ለዓይን በሚታየው ዕቃ ላይ ነው። መብራቱ ከአንድ የዝናብ ወቅት በኋላ ሲደበዝዝ ወይም ሲጠፋ ግን ችግሩ በአብዛኛው የሚገኘው አፈር ውስጥ ነው፤ ገመዱ ቀጭን ነው፣ መጋጠሚያው ውሃ ገብቶበታል። በጀቱ ጠባብ ሲሆን የመብራቱን ቁጥር ቀንሶ ለገመዱ፣ የቤቱን 220 ቮልት ለመብራቶቹ ወደ 12 ቮልት ለሚቀንሰው ትራንስፎርመርና ለመጋጠሚያው ማዋል ያዋጣል። ይህን እንዳናደርግ የሚያግዱን አመለካከቶች እነሆ።

«መብራት በበዛ ቁጥር ግቢው ያምራል»

ዓይን የበራውን ነገር የሚለየው አጠገቡ ካለው ጨለማ ጋር እያነጻጸረ ነው። ሁሉም ጥግ ከበራ ዛፉም ግድግዳውም አንድ ዓይነት ይሆናል፤ የወጣውም ገንዘብ አይታይም። ለብዙ ግቢዎች ከ6 እስከ 8 መብራት ይበቃል። ቅድሚያ የሚሰጠው ሰው ሊደናቀፍ ለሚችልበት ቦታ ማለትም ለደረጃ፣ ለመታጠፊያና ለበር ነው፤ ዛፍና ግድግዳ ከዚያ ይቀጥላሉ። በእግር መንገድ ላይ መብራቶቹን ከ2 እስከ 3 ሜትር አራርቆ፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ እያፈራረቁ መትከል ቁጥሩን ይቀንሳል።

ምንም ሳይገዙ መሞከርም ይቻላል። ሲመሽ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ከዛፉ ግንድ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ ከመሬት ወደ ላይ ያብራ። ሌላው ከሳሎን መስኮት፣ ከመግቢያው በርና ከመቀመጫው ቦታ ሆኖ ይመልከት። ብርሃኑ ዓይን የሚወጋ ከሆነ ቦታውን ወይም አቅጣጫውን መቀየር ነው። ጥሩ ሆኖ የታየው ቦታ ላይ ችካል ይተከል። በመጨረሻ የሚገዛው የመብራት ብዛት የችካሎቹ ብዛት ነው።

«ዋቱ ከፍ ያለ መብራት የተሻለ ነው»

ዋት የሚነግረን መብራቱ የሚበላውን ኃይል ነው፤ የሚሰጠውን ብርሃን የሚነግረን ሉመን ነው። ለእግር መንገድ ከ100 እስከ 200 ሉመን፣ ለአነስተኛ ዛፍ ከ200 እስከ 400 ሉመን ይበቃል። ይህን ደግሞ ባለ 4 ዋት ኤልኢዲ ይሸፍነዋል። ስምንት ባለ 20 ዋት ሃሎጂን መብራቶች በቀን 5 ሰዓት ቢበሩ በወር 24 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላሉ። ስምንት ባለ 4 ዋት ኤልኢዲዎች ግን 4.8 ብቻ።

ከሉመኑ ጋር ካርቶኑ ላይ የብርሃኑን ቀለም የሚነግረንን ኬልቪንም ማየት ያስፈልጋል። ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ያለው ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን ለቅጠልና ለድንጋይ ይስማማል። ከ4000 በላይ ያለው ነጭ ብርሃን ዓይን ይወጋል፤ ነፍሳትንም አብዝቶ ይስባል።

«12 ቮልት ስለሆነ የተገኘው ገመድ ይሆናል»

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። 12 ቮልት በተለመደው ሁኔታ ሰው ላይ አደገኛ ንዝረት ባያደርስም፣ ለተመሳሳይ ዋት የሚያልፈው ከረንት ከ220 ቮልቱ 18 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ የላላ መጋጠሚያ ይግላል፤ ቀጭን ገመድ ደግሞ ቮልቴጁን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል።

በቁጥር እንየው። ስምንት ባለ 4 ዋት መብራቶች 32 ዋት ናቸው፤ ይህም 2.7 አምፔር ገደማ ነው። ሁሉም ከትራንስፎርመሩ 30 ሜትር ርቀው ቢተከሉ፣ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ላይ 1.9 ቮልት ያህል ይጠፋል፤ መብራቱ ጋ የሚደርሰው 10.1 ነው። በ2.5 ገመድ 10.9፣ በ4 ደግሞ 11.3 ቮልት ይደርሳል። ርካሽ ኤልኢዲ 10 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ይደበዝዛል ወይም ብልጭ ድርግም ይላል። የተሻሉት «9–15 ቮልት» የሚል ስለተጻፈባቸው ይቋቋሙታል።

ወፍራም ገመድ ውድ ከሆነ ሌላ መላ አለ፤ ትራንስፎርመሩን ጫፍ ላይ ሳይሆን መሃል ላይ ማድረግ። መብራቶቹ በሁለቱም በኩል አራት አራት ከሆኑ 30 ሜትሩ 15፣ 15 ሜትር ሆኖ ለሁለት ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሚያልፈውም ከረንት ግማሽ ይሆናል። ርቀቱም ከረንቱም በግማሽ ስለቀነሱ የሚጠፋው ቮልቴጅ ሩብ ይሆናል። በዚያው በ1.5 ገመድ ከግማሽ ቮልት ያንሳል ማለት ነው።

ቮልቴጁ ሲለካ መብራቶቹ ሁሉ በርተው፣ መለኪያው ቴስተር የመጨረሻው መብራት መግቢያ ላይ መሆን አለበት። መብራቶቹ ካልበሩ ቀጭኑም ገመድ 12 ቮልት ያሳያል፤ ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው።

ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ 80 በመቶ በላይ አይጫን። ለ32 ዋት ቢያንስ ባለ 40 ያስፈልጋል፤ ባለ 60 ከተገዛ ወደፊት አራት ተመሳሳይ መብራት መጨመር ይቻላል። ከድሮ ሃሎጂን የተረፈ ኤሌክትሮኒክ ትራንስፎርመር ለኤልኢዲ ላይሠራ ይችላል፤ ለመሥራት ከተወሰነ መጠን ያላነሰ ጭነት ስለሚፈልግ ጥቂት ዋት ብቻ ሲያገኝ መብራቱን ያርገበግባል። ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ብቻ የሚቀበል መብራት ደግሞ ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ከሚሰጥ ትራንስፎርመር ጋር አይገናኝም።

ከቤቱ 220 ቮልት መስመር እስከ ትራንስፎርመሩ ያለው ሥራ የባለሙያ ኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው፤ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ መስመሩን የሚያቋርጥ የ30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

«መጋጠሚያውን በናስትሮ መጠቅለል ይበቃል»

ናስትሮ አፈር ውስጥ ሙጫው ይለቃል። እርጥበቱ አንዴ ከገባ በገመዱ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች መካከል እየተሳበ ይሄዳል። ከወራት በኋላ ገመዱ ሲላጥ መዳቡ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ዝገት ይዞ ይገኛል፤ መብራቱም ደብዝዟል። ጄል ያለበት ማያያዣ ወይም ውስጡ ሙጫ ያለው በሙቀት የሚጠብቅ ቱቦ ይህን ያስቀራል። በእያንዳንዱ መብራት ሥር 30 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ገመድ ከተተወ በኋላ ላይ መብራቱን ማንሳት ወይም ማዞር አያስቸግርም።

መብራቱ አቧራንና ውሃን ምን ያህል እንደሚከላከል የሚነግረን የአይፒ ቁጥርም ቦታውን ይከተላል። አይፒ 44 ጣሪያ ሥር፣ አይፒ 65 ዝናብ ላይ፣ መሬት ውስጥ የሚቀበር ደግሞ አይፒ 67። አይፒ 67 የሚለካው በጊዜያዊ መጥለቅለቅ ስለሆነ፣ የሚቀበረው መብራት ሥር ውሃ የሚያሰርግ የ15 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ይደረግ።

«ሶላር ከሆነ ወጪ የለውም»

አነስተኛ የሶላር መብራት መንገድ ያመለክታል እንጂ ዛፍ አያበራም። ባትሪው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚደክም፣ ባትሪው የሚቀየርበትን ዓይነት መግዛት ይሻላል። ጥላ ሥር የተተከለ ወይም አቧራ የሸፈነው ፓነል ደግሞ በቂ አይሞላም። ገመድ ማድረስ ለሚያስቸግር ሩቅ ጥግ ግን ሁነኛ ምርጫ ነው።

«ለጥበቃ ትልቅ ፓውዛ ይሻላል»

ኃይለኛ ፓውዛ ብርሃኑ ካረፈበት ነገር ኋላ ድቅድቅ ጥላ ይፈጥራል፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ዓይንም ያጨልማል። ቦታውን በአነስተኛ መብራቶች ከሁለት አቅጣጫ ማብራት፣ በሩ ላይ ደግሞ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ማድረግ ይሻላል። ሴንሰሩ ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ከፍታ ላይ ይሰቀል። ወደ እርሱ ቀጥ ብሎ ከሚመጣ ሰው ይልቅ ፊቱን አቋርጦ የሚያልፈውን ቶሎ ስለሚለይ፣ መንገዱን ከጎን እንዲያይ ይደረግ።

«ገመዱ በኋላ ይደርሳል»

መብራት በማንኛውም ጊዜ ይጨመራል፤ ንጣፍ ግን አንዴ ከተሠራ ማፍረሱ ከመብራቱ ይበልጥ ያስወጣል። ሲሚንቶ ከመፍሰሱ ወይም ድንጋይ ከመነጠፉ በፊት በእያንዳንዱ መተላለፊያ ሥር የፕላስቲክ ቱቦ ይቀበር፤ በውስጡ መጎተቻ ሲባጎ ይለፍና ሁለቱም አፉ ይደፈን። የቱቦዎቹ ቦታ ከግድግዳው ያለው ርቀት ተለክቶ ወረቀት ላይ ይሠፍር፤ ከመሸፈኑ በፊትም ፎቶ ይነሳ።