ዥንጉርጉር ፖቶስ ጥላ አይወድም፦ ስለ ተንጠልጣዩ ተክል የሚነገሩ ስህተቶች እና እውነታው

«የቤት ውስጥ ተክል አይደል? ጥላ ይወዳል።» ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ሥራዬ ተክል መሸጥና የታመመውን ማየት ነው። ሰው ፖቶስ ሊገዛ ይመጣና ካሉት ሁሉ በነጭ በደንብ የተዥጎረጎረውን ይመርጣል። የት ሊያስቀምጠው እንዳሰበ ስጠይቀው «ኮሪደሩ ጋ ጨለም ያለ ጥግ አለ፣ እዚያ እሰቅለዋለሁ» ይለኛል። ይህ መልስ በጣም ያናድደኛል፤ የመረጠውን ውበት ራሱ ሊያጠፋው ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጩ የቅጠሉ ክፍል ክሎሮፊል፣ ማለትም ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ነገር፣ የለውም። ክሎሮፊል ከሌለ ደግሞ ከብርሃን ምግብ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ ነጩን ክፍል የሚቀልበው አረንጓዴው ነው። ከቅጠሉ ግማሹ ነጭ ከሆነ፣ ተክሉ በቀረው ግማሽ ብቻ ሠርቶ መላ አካሉን ያኖራል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ተክል ከሙሉ አረንጓዴው ዘመዱ የበለጠ ብርሃን ይፈልጋል እንጂ ያነሰ አይፈልግም። ጨለማ ውስጥ ሲገባ አዳዲሶቹ ቅጠሎች አረንጓዴ እየበዛባቸው ይመጣሉ።

አንዲት ደንበኛዬ «የሸጡልኝ ሌላ ዓይነት ነው» ብላ ተቆጥታ ፎቶ አሳየችኝ። ፎቶው ሁሉንም ይናገር ነበር። ከመትከያው አጠገብ ያሉት አሮጌ ቅጠሎች እንደተዥጎረጎሩ ናቸው። ሐረጉ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ነጩ እየሳሳ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ያሉት ጭራሽ አረንጓዴ ብቻ ናቸው። በአንዱ ቅጠልና በሚቀጥለው መሀል ያለው ባዶ ግንድም እየረዘመ ሄዷል፤ ይህ ብርሃን የራበው ተክል ዋና ምልክት ነው። ስጠይቃት፣ የሰቀለችው ከመስኮቱ ማዶ ያለው ግድግዳ ላይ ነው። «ክፍሉ እኮ ብርሃን ነው!» አለችኝ። ለእኛ ዓይን አዎ። ዓይናችን ደብዛዛ ብርሃንን ቶሎ ይለምዳል፤ ከመስኮት ትንሽ ራቅ ሲባል ግን ብርሃኑ ምን ያህል እንደሚቀንስ አይታወቀንም። ተክሉ ያውቀዋል።

መለኪያ ከፈለጋችሁ እጃችሁ ይበቃል። እኩለ ቀን አካባቢ መዳፋችሁን ከቅጠሉ 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። ጠርዙ ለስለስ ያለ ጥላ ከወረደ ቦታው ጥሩ ነው። ምንም ጥላ ካልታየ ጨለማ ነው፣ አንሡት። ጠርዙ የተሳለ ጥቁር ጥላ ከሆነ ደግሞ ፀሐዩ በቀጥታ እየመታው ነው፤ ነጩ ክፍል ቀድሞ ይቃጠልና ቡናማ ይሆናል። ስስ መጋረጃ ጣልቃ አስገቡ፣ ወይም ከመስኮቱ ፈቀቅ አድርጉት።

«በዱር እኮ ከዛፍ ሥር ነው የሚበቅለው» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ግን እዚያ አይቀርም። የፖቶስ የትውልድ አገር በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ያለችው የሞኦሪያ ደሴት ናት። ዱር ውስጥ የዛፍ ግንድ ተደግፎ ወደ ላይ፣ ወደ ብርሃኑ ይወጣል። ሲወጣ ቅጠሉ ከግማሽ ሜትር በላይ ይረዝማል። ቤታችን ውስጥ ቅጠሉ ትንሽ የሚሆነው ወደ ታች ስለምናንጠለጥለው ነው።

ከዚህ የሚከተለው ስህተት «ነጩ ከጠፋ ማዳበሪያ ይመልሰዋል» የሚለው ነው። አይመልሰውም። አንዴ አረንጓዴ ሆኖ የወጣ ቅጠል በምንም ነገር አይዥጎረጎርም። ማስተካከል የሚቻለው ገና የሚወጣውን ነው። መጀመሪያ ተክሉን ቀስ በቀስ ወደ ብርሃን አምጡት። ከዚያም ግንዱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ግንዱ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ መስመር ካለ ከዚያ የሚወጣው ቡቃያ የመዥጎርጎር ተስፋ አለው። ግንዱ ጥርት ያለ አረንጓዴ ከሆነ፣ መስመሩ ወዳለበት አንጓ (ቅጠሉ ከግንዱ ወደሚገናኝበት ቦታ) ተመልሳችሁ ከአንጓው ከፍ ብላችሁ ቁረጡት። አረንጓዴው ሐረግ ቶሎ ስለሚያድግ ዝም ካላችሁት ሌላውን ይውጠዋል።

የዚህ ተቃራኒም አለ፤ «በነጣ ቁጥር ጥሩ ነው» የሚሉ። ከአንድ ሐረግ ላይ ተከታትለው የሚወጡት ቅጠሎች ሁሉ ሙሉ ነጭ ከሆኑ ሐረጉ ራሱን መመገብ አይችልም። አረንጓዴ እስካለበት ድረስ ቆርጣችሁ መልሱት። ነጩን ብቻ ቆርጦ ማራባትም ድካም ነው፣ ይሞታል።

ውኃን በተመለከተ፣ «በሳምንት አንዴ» የሚል ሕግ የለም። ጣታችሁን እስከ 3 ሳንቲሜትር አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ደረቅ ከሆነ በደንብ አጠጡ፣ ከታች ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ። እርጥብ ከሆነ ተዉት። ብዙ ነጭ ያለው ተክል ዕድገቱ አዝጋሚ ስለሆነ የሚጠጣውም ያነሰ ነው። «ጠውልጓል፣ ውኃ ጠምቶታል» ብላችሁም አትቸኩሉ። ሥሩ የበሰበሰ ተክልም ይጠወልጋል። አፈሩ ረጥቦ ከጠወለገ አውጥታችሁ ሥሩን እዩ፤ ጤነኛው ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፣ የበሰበሰው ቡናማና ልፍስፍስ ሆኖ ይሸታል። በእኔ እጅ ካለፉት የሞቱ ፖቶሶች አብዛኞቹን የገደላቸው ጥማት ሳይሆን ውኃ ነው።

ቀሪዎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

መትከያው ውስጥ ከታች ጠጠር መደርደር ውኃውን አያስወግድም፤ እርጥቡን አፈር ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል። የሚያስፈልገው ቀዳዳ ነው።

ቅጠሉ ላይ ውኃ መርጨት የአየሩን እርጥበት የሚጨምረው ለአፍታ ብቻ ነው።

ቅጠልን በወተት ወይም በዘይት መወልወል አቧራ ይሰበስባል። እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

«አየር ያጸዳል» የሚለው የመጣው የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በ1989 ካወጣው ጥናት ነው። ያ ጥናት የተሠራው በታሸጉ ትናንሽ ሳጥኖች ውስጥ ነበር። በ2019 የወጣ ግምገማ እንዳሳየው፣ የሕንፃ አየር ማናፈሻ የሚሠራውን ያህል ለመሥራት በየካሬ ሜትሩ ከ10 እስከ 1000 ተክል ያስፈልጋል።

«መቼ ያብባል?» ለሚሉኝ፦ አትጠብቁ። ጂበሪሊን የተባለውን ሆርሞን በበቂ መጠን ስለማያመርት ቤት ውስጥ አያብብም።

«ምንም ጉዳት የለውም» የሚለው ግን አደገኛ ነው። ቅጠሉና ግንዱ የካልሲየም ኦክሳሌት ስል ቅንጣቶች አሉት። ድመት፣ ውሻ ወይም ሕፃን ካኘከው አፍ ያቃጥላል፣ ለሃጭ ያዝረበርባል፣ ሊያስመልስም ይችላል። ስትሰቅሉት የሐረጉ ጫፍ የት እንደሚደርስ አስቡ።

በመጨረሻ፣ «መቁረጥ ያሳዝናል» እያሉ ሐረጉን የሚያስረዝሙ ሰዎች አሉ። ውጤቱን ሁሌ አያለሁ፤ ታች የሚያምር ጅራት፣ ላይ ግን ራሰ በራ መትከያ። ቁረጡት እባካችሁ። ግን ቅጠሉን ብቻ ቀንጥባችሁ ውኃ ውስጥ አትክተቱ። ቅጠል ብቻውን ሥር ቢያወጣ እንኳ አዲስ ቡቃያ አያወጣም። ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበትን ቦታ እዩ፤ ትንሽ ቡናማ ጉብታ አለች። አንጓው እሱ ነው። ከእሱ 2 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ፣ አንጓው ውኃ ውስጥ ይግባ፣ ቅጠሉ ውጭ ይሁን። ውኃውን በየጊዜው ቀይሩ። ሥሩ ጥቂት ሳንቲሜትር ሲደርስ ወደዚያው መትከያ መልሳችሁ፣ ራሰ በራው ላይ ሦስት አራቱን አንድ ላይ ትከሏቸው።