የጀልባ ፕሮፔለር ከምን ቢሠራ ይሻላል?

ሰሜን ሸዋ ተቀምጦ ስለ ሞተር ጀልባ ማውራት ሊያስቅ ይችላል። ደብረ ብርሃን ላይ የተረፈን ብርድ እንጂ ሐይቅ አይደለም። ግን ከዚሁ ተነስቶ ቢሾፍቱ፣ ዝዋይ ወይም ጣና ድረስ ለመዝናናት የሚሄድ አለ፤ ጀልባ የመግዛት ሐሳብ የሚመጣበትም አይጠፋም።

ፕሮፔለር ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባውን የሚገፋው፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ክንፍ የሆነው ዕቃ ነው። ለመዝናኛ ጀልባ በብዛት ከአሉሚኒየም፣ ከስቴንለስ ስቲል ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራል። የነሐስም አለ፤ እሱ ግን ይበልጥ የሚገጠመው ሞተራቸው ሆዳቸው ውስጥ ለተቀመጠ ጀልባዎች ነው።

ልዩነቱ የሚታወቅህ ድንጋይ የመታህ ቀን ነው። የመንዝ ገበሬ ይህን ያውቀዋል፤ ማረሻው ቋጥኝ ሲነክስ ብረቱ ምንም አይሆንም፣ የሚሰበረው ሞፈሩ ወይም ድግሩ ነው። ስቴንለስም እንደዚያው። ከአሉሚኒየም በብዙ እጥፍ ስለሚጠነክር ክንፉ ስስ ተደርጎ ይሠራል፣ በፍጥነት ሲሽከረከርም አይለመጥም፣ ግን ድንጋይ ሲያገኘው እሱ አልታጠፍ ስለሚል ምቱ ወደ ዘንጉና ወደ ካምቢዮው ያልፋል። መሀሉ ላይ ያለው ጎማ ምቱን እንዲያበርድ የተቀመጠ ነው፤ ሁሉንም ግን አይችለውም። አሉሚኒየም ይታጠፋል ወይም ይቆረሳል። ርካሽ ነው፣ በአርጎን ታስበይደዋለህ፣ ካልሆነም ትጥለዋለህ። ካምቢዮ ግን እንዲህ በቀላሉ አይጣልም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከፍታውን ነው። ጣርማ በር ላይ አሮጌ መኪና የሚያቃስተው በዳገቱ ብቻ አይደለም፣ አየሩም ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ለባሕር ጠረፍ የተመረጠ ፕሮፔለር እዚህ ሞተሩን ያንቀዋል። መላው ውድ ብረት መግዛት ሳይሆን ፒቹን መቀነስ ነው። ፒች ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት ይሄዳል ተብሎ የሚሰላው ርቀት ሲሆን፣ አንድ ኢንች ሲቀነስ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል።

ጣናም ዝዋይም ጥልቀት የላቸውም፣ ውሃቸውም እንደ ባሕር ጨው አይደለም። ስለዚህ በእኔ ግምት አሉሚኒየም ይበቃል፤ ስቴንለስ ትልቅ ሞተር ይዞ ጥልቅ ውሃ ላይ ለሚከንፍ ሰው ይሁን።

ፕላስቲኩን አትናቀው። ለትንሽ ሞተር ይሆናል፣ አንዳንዱም የተሰበረው ክንፍ ብቻ ይቀየርለታል። ለመጠባበቂያ ከዳዶና ከመፍቻ ጋር ጀልባው ውስጥ ይቀመጥ። እምቦጭ ወይም የዓሣ መረብ ከተጠመጠመበት ግን ከምንም ይሠራ ከምን ያው ነው፤ ሞተሩን አጥፍተህ፣ ከውሃው አንስተህ፣ በቢላ መቁረጥ ነው።