የድሬዳዋ የከባድ መኪና ሾፌሮች፦ መንጃ ፈቃዱ ሞልቷል፣ ሾፌሩ የት ሄደ?

ድሬ ላይ ተሳቢ ያለው ሰው ድሮ የሚያማርረው በጎማ ነበር። ቀጥሎ በናፍጣ ሆነ። አሁን ደግሞ በሾፌር ነው። መኪናው ዛፍ ሥር ቆሞ አቧራ ይጠጣል፣ ባለቤቱ ስልኩን ይዞ ያገኘውን ሁሉ "ሾፌር ካለህ ላክልኝ" ይላል። ቶሎ ብሎ ደግሞ "መንጃ ፈቃድ ያለው አላልኩህም፣ የሚነዳ!" ብሎ ይጨምርበታል።

ከተማዋ ራሷ የጭነት ልጅ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ባይደርስ ኖሮ ድሬ የምትባል ከተማም ባልኖረች። ያ ባቡር አርጅቶ ሲደክም ዕቃውን መኪና ወረሰው። በ2010 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ሥራ ሲጀምር "በቃ፣ የሾፌር ነገር አከተመ" ያሉ ነበሩ። አላከተመም። ባቡር ከሐዲዱ አይወጣም፤ ሲሚንቶውን ከፋብሪካው በር አንስቶ ጭሮ ወይም ጅግጅጋ የሚያደርሰው ያው መኪና ነው። በዚያ ላይ ደግሞ ደረቅ ወደቡ አለ፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው ነፃ የንግድ ቀጠና አለ። ሁሉም መኪና ይፈልጋል።

ችግሩ የድሬ ብቻ አይደለም። የዓለም የመንገድ ትራንስፖርት ማኅበር በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በ36 አገሮች ከ3 ሚሊዮን በላይ የከባድ መኪና ሾፌር ቦታ ክፍት ነበር። እንግሊዝ በ2021 ነዳጅ የሚያመላልስ ሰው አጥታ ወታደሮቿን መሪ እስከማስያዝ ደርሳለች። እዚያ ግን ትልቁ ነገር ሾፌሩ ማርጀቱና ወጣቱ ሥራውን አለመፈለጉ ነው። የእኛ ሌላ ነው። እኛ ጋ ወጣቱ ይፈልጋል፣ ያለው ሾፌር ነው የሚሸሸው።

ለምን ይሸሻል? መጀመሪያ የሚነሳው መቆም ነው። ከድሬ እስከ ጅቡቲ ድንበር፣ እስከ ደወሌ፣ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያውም በክፍያ መንገድ። ቢነዱት ግማሽ ቀን አይፈጅም። ግን ሾፌር የሚኖረው በመንዳት ሳይሆን በመጠበቅ ነው። ጭነት የሚያከፋፍለው የመኪና ባለንብረቶች ማኅበር ጋ ተራ ይጠብቃል። ኬላ ላይ ወረቀት ይጠብቃል። ጅቡቲ ሲገባ ፒኬ 12 በሚባለው የመኪና መቆሚያ ላይ በዚያ ሙቀት ከመኪናው ሥር ፍራሽ አንጥፎ ጭነት ይጠብቃል። የማዳበሪያ መርከብ የገባ ቀን ደግሞ መኪናው ሁሉ ወደዚያ ይዞራል፣ የሌላው ተራ ወደኋላ ይገፋል። አገሪቱ ከምትልከው የምታስገባው እጅግ ስለሚበልጥ ወደ ወደብ ባዶውን የሚወርደው መኪና ብዙ ነው። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ኑሮው የሚገፋው በቢያጆ፣ ማለት በየምልልሱ፣ በሚከፈል አበል ነው። ስለዚህ መኪናው ሲቆም ቤቱም ይቆማል። በወር አራት ቢያጆ መሥራት የሚችል ሰው ሁለት ብቻ ከሠራ፣ እንደኔ እንደኔ የጠፋው ሾፌር አይደለም፣ የሾፌሩ ግማሽ ነው። ሌላ ሰው ከማሠልጠን በፊት ይህን ግማሽ ማስመለስ ይረክሳል። ሾፌሩ የቆመበት ቀን ቢከፈለው፣ የሚከፍለውም ያቆመው አካል ቢሆን፣ ወረፋው ራሱ ያጥር ነበር።

ሁለተኛው ገመድ ነው። መንገድ ላይ ገመድ ዘርግቶ "ቁም" የሚል ሰው በዝቷል። አንዱ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ሌላው አይሰጥም። ከዚያ የባሰውም አለ። ባለፉት ዓመታት በተለያዩ የአገሪቱ መንገዶች ሾፌሮች ታግተው ቤተሰባቸው ገንዘብ ተጠይቋል፣ የተገደሉም አሉ። ሚስት "ይቅርብህ፣ ባጃጅ ንዳ" ብትል ማን ይፈርድባታል? ለዚህ ደግሞ ሥልጠናም ደመወዝም አይበቃም። መንገዱ ሰላም መሆን አለበት፣ ሌላ ዘዴ የለውም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያወራው ነው፤ የረዳት ነገር። ድሮ ሾፌር የሚወጣው ከረዳትነት ነበር። ልጁ ሸራ ያስራል፣ ጎማ ይፈታል፣ ከጎሚስታው ጋር ይከራከራል፣ ዓመት ሁለት ዓመት ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ የሾፌሩን እግር ያያል። ከዚያ ሜዳ ላይ መሪ ይሰጠዋል። አሁን ብዙ ባለንብረት ወጪ ለመቀነስ ረዳቱን ቀንሷል። ወጣቱ ማሠልጠኛ ገብቶ፣ ከፍሎ፣ ደረጃውን ጠብቆ ደረቅ 3 የሚባለውን የተሳቢ መንጃ ፈቃድ ያወጣል፤ በድሮው አጠራር አምስተኛ የሚሉት ነው። ወረቀቱ ትክክል ነው። ግን ሲለማመድ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ስቦ አያውቅም።

የዚህ ልዩነቱ ደንገጎ ላይ ይታያል። ከአዲስ አበባ በጭሮና በቁሉቢ የመጣ፣ ከሐረርም የመጣ፣ ወደ ድሬ የሚገባው በዚያ ቁልቁለት ነው። ሐረር 1885 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ 1200 ገደማ። አንድ ጊዜ ከአጎቴ ጋር ስወርድ ከላይ ገና ሳይጀምር ማርሹን ቀነሰ። ከኋላ አንድ አይሱዙ ክላክሱን ያንባርቃል፤ ያው አልቃይዳ የሚሏት የጫት መኪና ናት፣ መቼም ትዕግሥት የላትም። አጎቴ ዞሮም አላየ። "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" አለኝ። ፍሬኑን በየኩርባው ነካ አድርጎ ይለቃል እንጂ አይረግጠውም። ረግጦ የያዘው ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ታች ሲደርስ ወርዶ ጎማውን በመዳፉ አንድ በአንድ ዳሰሰ።

ሴቶችን ማስገባት የሚለው ሐሳብም ይነሳል፣ ጥሩ ነው። ግን መጸዳጃና ማደሪያ በሌለበት ኬላ ላይ ሦስት ቀን ማሳደር ለወንዱም አልሆነም።

ባለፈው አንድ ባለንብረት ሥራ ፈልጎ የመጣ ልጅ ሲያነጋግር አጠገባቸው ነበርኩ። ልጁ መንጃ ፈቃዱን ዘረጋ፣ ሰውየው ገልብጦም አላየው። "ደንገጎን ተጭነህ ስንቴ ወርደሃል?" አለው። ልጁ ዝም። "በል ሦስት ወር በረዳትነት ውጣና ተመለስ፣ አበልህን እኔ እችላለሁ" አለው። ልጁ ትንሽ አቅማማና የሚሠራበትን መኪና ሰሌዳ ቁጥር ጠየቀ።