ስሊፕጆይንት ምንድን ነው? አዲስ ሴንጢ እጃችሁ ሲገባስ መጀመሪያ ምኑን ታያላችሁ?

ስሊፕጆይንት ማለት መቆለፊያ የሌለው ታጣፊ ሴንጢ ነው፣ ሲከፈት ስለቱን ይዞ የሚያቆመው ጀርባው ላይ ያለው ሞላ ብቻ ነው። ቀዩን የስዊዝ ሴንጢ ያላየ ሰው መቼም የለም፣ እሱ ራሱ ስሊፕጆይንት ነው (መቆለፊያ የተገጠመላቸው ትላልቆቹ ባለ 111 ሚሊሜትሮቹ ናቸው፣ የተለመደው ባለ 91ዱ ግን የለውም)። የእንግሊዟ ሼፊልድ፣ የጀርመኗ ዞሊንገን፣ የፈረንሳይዋ ቲዬር በዚህ ስራ ስማቸው የገነነ ከተሞች ናቸው፣ አሜሪካ ደግሞ ኬዝ የሚባል ሴንጢ ሰሪ አለ፣ እ.ኤ.አ ከ1889 ጀምሮ የሚታወቅ ስም ነው፣ አሁንም ፔንሲልቫንያ ብራድፎርድ ላይ ይሰራል።

አሰራሩ እንዲህ ነው። የስለቱ የታችኛው ጫፍ ታንግ ይባላል፣ በፒን ተይዞ እጀታው ውስጥ ይዞራል፣ ሞላው ደግሞ ከላይ ይጫነዋል። ታንጉ ጠፍጣፋ ጎኖች ስላሉት ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ሞላው ጠፍጣፋው ላይ ይተኛና ስለቱ ባለበት ይቆማል፣ በመሃል ግን የታንጉ ማዕዘን ሞላውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ እዚህ ጋ ነው ጣታችሁ ላይ ክብደቱ የሚሰማችሁ፣ ማዕዘኑ ካለፈ በኋላ ሞላው ራሱ ጎትቶ ቀጭ ያደርገዋል። አንዳንዶቹ 90 ዲግሪ ላይም አንዴ ይቆማሉ፣ ሃፍ ስቶፕ የሚሉት እሱን ነው። ሲዘጋ ጣት ላይ እንዳይወርድ ያግዛል ይባላል፣ እኔ ግን ሳይቆም የሚሄደውን ነው የምወደው፣ የጣዕም ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ሴንጢ የሚሰበስቡ ሰዎች አዲስ ሲገዙ መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ዎክ ኤንድ ቶክ ነው። ዎክ ስለቱ ሲከፈት ሳይንገጫገጭ መሄዱ፣ ቶክ መጨረሻ ላይ የሚያሰማው ቀጭታ። ብዙ ሰው ግን ዓይኑ እጀታው ላይ ይቀራል፣ አጥንቱ፣ ቀለሙ፣ የተቦረቦረው ጌጥ። አይፈረድባቸውም ቆንጆ ነው፣ በነገራችን ላይ የኬዝ አጥንት የብራዚል ዜቡ ከብት ቅልጥም ነው፣ ዜቡ ማለት ያው እንደኛ አገር ሻኛ ያለው ከብት። ቢሆንም እኔን ከጠየቃችሁኝ የስሊፕጆይንት ነገር ያለው ሞላው ላይ ነው፣ የደነዘ ስለት ድንጋይ ላይ ትስሉታላችሁ፣ የተበላሸ ሞላ ግን ሴንጢው ካልተፈታ አይስተካከልም፣ እነዚህ ደግሞ በብሎን ሳይሆን በተቀጠቀጠ ፒን ነው የሚያያዙት ስለዚህ ቤት ውስጥ ፈትቶ መግጠም ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ ከካርቶኑ እንዳወጣችሁት መስኮት ጋ ሂዱና ጀርባውን ወደ ብርሃኑ ያዙት። በሞላውና በጎን ሳህኖቹ (ላይነር ይባላሉ፣ ብዙ ጊዜ ነሐስ ናቸው) መሃል ቀጭን የብርሃን መስመር ካያችሁ ክፍተት አለ ማለት ነው። እሺ ትንሽ ክፍተት ስራ አያስቆምም፣ ግን ቆሻሻና እርጥበት እዛ ይገባል፣ በውድ ዋጋ የተሸጠ ከሆነ ደግሞ መመለስ መብታችሁ ነው። ቀጥሎ ጥፍራችሁን ጀርባው ላይ ከሳህኑ ወደ ሞላው አሻግራችሁ ጎትቱት፣ ተዘግቶም ተከፍቶም፣ ሃፍ ስቶፕ ካለውም እዛ ላይ አቁማችሁ። በሶስቱም ቦታ ጥፍራችሁ ሳይደናቀፍ ካለፈ ሰሪው እጁ የተባረከ ነው፣ ብዙዎቹ ላይ ግን በአንዱ ቦታ ሞላው ትንሽ ሰመጥ ወይ ከፍ ይላል። ከዛ ስለቱን ከፍታችሁ ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጉት፣ ከተወዛወዘ ፒኑ ላልቷል ማለት ነው። ሁለት ሶስት ስለት ያላቸው እንደ ትራፐርና ስቶክማን አይነቶቹ ላይ ደግሞ ሲዘጉ ስለቶቹ እርስ በእርስ ይተሻሹ እንደሆነ እዩ።

የሞላው ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 ነው የሚለካው፣ በመሳሪያ ሳይሆን በጣት ግምት፣ አብዛኛው ሰው 5፣ 6፣ 7 አካባቢ ያለውን ይወዳል። ጠንካራ ሲሆን ጥራት የሚመስለው ሰው አለ፣ እንደሱ አይደለም፣ ጥፍር የሚገነጥል ሴንጢ ኪስ ውስጥ ተረስቶ ነው የሚቀረው። ደግሞ በመጀመሪያው ቀን አትፍረዱ፣ ከፋብሪካ ሲመጣ መገጣጠሚያው ውስጥ የማለስለሻ ብናኝ ይቀራል፣ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ስትከፍቱ ስትዘጉ ጥቁር ነገር ይወጣል፣ ጠርጋችሁ እንደገና ዘይት ስታደርጉ ያ የሚንገጫገጨው ዎክ ሌላ ነገር ይሆናል። የምግብ ዘይት ግን አይሆንም፣ ቆይቶ ይደርቅና ያጣብቃል።

ካርቦን ብረት ከሆነ፣ ለምሳሌ 1095 የሚባለው፣ ሽንኩርት ወይ ሎሚ በቆረጣችሁበት ቀን ስለቱ ላይ ሰማያዊና ግራጫ ጥላ ታያላችሁ። ፓቲና ነው፣ ዝገት አይደለም፣ አትፈትጉት፣ እንዲያውም ከዝገት በመጠኑ ይከላከላል። ቀይ ዝገት ካያችሁ ግን ቶሎ ጥረጉት።

ኦፒኔል የሚባለውን ባለ እንጨት እጀታ የፈረንሳይ ሴንጢ ስሊፕጆይንት የሚል ሰው አጋጥሞኛል፣ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1890 የፈረንሳይዋ ሳቯ ውስጥ ጆሴፍ ኦፒኔል የጀመረው ሴንጢ ሞላ የሚባል ነገር የለውም፣ ስለቱን የሚይዘው የእንጨቱ ጥብቀት ነው፣ በ1955 ደግሞ የሚዞር የብረት ቀለበት ተጨመረበት፣ መቆለፊያ ሆነ ማለት ነው። እንጨቱ ውሃ ሲነካው አብጦ ስለቱን አላወጣም ይላል፣ ያኔ የእጀታውን ቂጥ ጠረጴዛ ላይ መታ ማድረግ ነው፣ ብቅ ይላል።

ልዩነቱ እንግሊዝ አገር ላላችሁ የወሬ ብቻ አይደለም። በ1988ቱ ህግ መሰረት ያለ ምክንያት ኪስ ውስጥ ይዞ መውጣት የሚቻለው የሚታጠፍ፣ የማይቆለፍ፣ የመቁረጫ ጠርዙ ከ3 ኢንች (7.62 ሴንቲሜትር) የማይበልጥ ሴንጢ ነው። ትንሽ ስሊፕጆይንት ያልፋል፣ ቁጥር 8 ኦፒኔል ግን በቀለበቱም በ8.5 ሴንቲሜትር ስለቱም አያልፍም፣ ለሽርሽር ስትወጡ ፍራፍሬ መቁረጫ ብላችሁ ብትይዙትም ምክንያቱን ማስረዳት የእናንተ ፈንታ ነው።