ለትንሽ ድርጅት ሲአርኤም መምረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ የቤት ዕቃ መሸጫ እንውሰድ። ደንበኛዋ ቲክቶክ ላይ ሶፋ ታያለች፣ በቴሌግራም ዋጋ ትጠይቃለች፣ ቅዳሜ መጥታ ታያለች፣ ፕሮፎርማ ይዛ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ የሚደውልላት የለም። ሲአርኤም የሚባለው የደንበኛ መከታተያ ሶፍትዌር ዋናው ሥራው ይህችን ክፍተት መዝጋት ነው፤ ሲመረጥ ግን ይህ ይረሳና ሌላ ሌላው ይታያል።

«እኛ ትንሽ ነን፣ ኤክሴል ይበቃናል»

አንዳንዴ እውነት ነው። ከደንበኛ ጋር የሚነጋገረው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ደብተርም ይበቃል፤ ገንዘብ አታውጡ። ነገሩ የሚበላሸው ሁለተኛ ሻጭ ሲቀጠር ነው። ለአንዷ ደንበኛ ሁለት ዋጋ ይነገራታል። «ቀብድ እከፍላለሁ ብላለች» በተጻፈበት ሳጥን ላይ ሌላው ሻጭ «ትታዋለች» ብሎ ይደርብበታል፤ የቀድሞው ይጠፋል። ደግሞ ኤክሴል በራሱ «ዛሬ ለእነ እገሌ ደውል» አይልም። መለኪያው ቀላል ነው፦ ባለፈው ሳምንት ፕሮፎርማ ወስደው መልስ ያልሰጡት እነማን ናቸው? ይህን ለመመለስ የሁለት ሰው ቴሌግራም መገልበጥ ካስፈለገ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው።

«ብዙ ነገር የሚሠራው ይሻላል»

በማሳያው ላይ ያማረው ሁሉ በሥራ ቀን ሸክም ይሆናል። ሻጩ ደንበኛ ፊት ቆሞ ሃያ ሳጥን አይሞላም፤ ግዴታ ከሆነበት ነጥብ እየከተተ ያልፈዋል፣ መረጃውም ገለባ ይሆናል። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ስድስት ሳጥን በቂ ነው፦ ስም፣ ስልክ፣ ከየት እንደመጣ፣ የፈለገው ዕቃ፣ የተነገረው ዋጋ፣ ቀጣዩ መደወያ ቀን። ከእነዚህ ሁሉ የማይታለፈው የመጨረሻው ነው። የሽያጩ ደረጃም አብሮ ከሚመጣው የውጭ ስያሜ ይልቅ ሱቁ ውስጥ በሚነገረው ይሰየም፦ ዋጋ ጠየቀ፣ መጥቶ አየ፣ ፕሮፎርማ ወሰደ፣ ቀብድ ከፈለ፣ ተረከበ።

ሙከራውን ሻጩ በራሱ ስልክ ያድርገው። አንድ አዲስ ደንበኛ መመዝገብ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከወሰደበት ሶፍትዌሩ ባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይቀራል።

«ነጻ ነው ተብሏል»

ነጻው የሚያልቅበትን ቦታ አስቀድማችሁ እዩ። የዞሆ ሲአርኤም ነጻ አገልግሎት ለ3 ተጠቃሚ ነው፤ አራተኛ ሻጭ ሲመጣ ክፍያ ይጀምራል። ኦዱ የተባለው ሌላው ሶፍትዌር በኢንተርኔት አገልግሎቱ ላይ አንድ ክፍል ብቻ ለሚጠቀም በነጻ ይሰጣል፤ ከሲአርኤሙ ላይ ፕሮፎርማ ለማውጣት የሽያጩን ክፍል ስትጨምሩ ግን በየተጠቃሚው ያስከፍላል።

ሁለተኛው ነገር ዶላር ነው። በወር በሰው 14 ዶላር የሚያስከፍል አገልግሎት ለ3 ሰው በዓመት 504 ዶላር ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬ ሥርዓቱ ከመለወጡ በፊት፣ ዶላሩ ወደ 57 ብር በነበረበት ጊዜ፣ ይህ 29 ሺህ ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ያው አገልግሎት ከ50 ሺህ በላይ ሆነ፤ ሻጩ ድርጅት ዋጋ ሳይጨምር። በተለመደው የብር ካርድ ደግሞ እንዲህ ያለው የውጭ ክፍያ አይሄድም። ስለዚህ ከዋጋው በፊት «በምን እንከፍላለን? አንድ ወር ቢያልፈን መረጃችን ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ያለንን ዝርዝር ማስገባት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው»

እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚደናቀፈው፤ ረዘም አድርገን እንየው።

ስልክ ቁጥር። አንዷ ደንበኛ በ0911፣ በ+251911፣ በ251911 እና ዜሮው ወድቆ በ911 ተመዝግባ ትገኛለች፤ ለሶፍትዌሩ አራት ሰው ናት። ዜሮውን የሚጥለው ኤክሴል ነው፣ ቁጥሩን እንደ ብር መጠን ስለሚያየው። ከዚያ የባሰው በ251 የሚጀምረው ነው፦ 12 አኃዙን 2.51912E+11 ብሎ ያሳጥረዋል፤ ፋይሉ በዚያው ወደ ሲኤስቪ (ሶፍትዌሮች ዝርዝር የሚቀባበሉበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ከተቀየረ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ተመልሰው አይገኙም። መፍትሔው በቅደም ተከተል ነው። ምንም ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ቀይሩ። በአንድ ሳጥን ሁለት ስልክ ካለ ለዩት። ክፍተትና ሰረዝ አጥፉ። በመጨረሻ ከቀኝ 9 አኃዝ ብቻ አስቀርታችሁ ከፊቱ +251 ጨምሩ። ይህ ለ09ም ለ07ም ለመደበኛ ስልክም ይሠራል። የተደጋገመውን መፈለግ ከዚህ በኋላ ነው፤ ከዚህ በፊት ቢፈለግ አይገኝም።

ስም። ዞሆን በመሰሉ ሶፍትዌሮች የቤተሰብ ስም ሳጥን ግዴታ ነው። ዝርዝራችሁ ላይ «ወ/ሮ አልማዝ» ብቻ ካለ ያ መስመር ሲገባ ይወድቃል። ስምና የአባት ስሙን አንድ ላይ በዚያው ግዴታ ሳጥን ውስጥ አስገቡና የመጀመሪያውን ባዶ ተዉት። አለበለዚያ ሶፍትዌሩ በራሱ የሚልከው መልእክት ደንበኛዋን በአባቷ ስም ብቻ ይጠራታል።

የአማርኛ ፊደል። ሲኤስቪው በዩቲኤፍ-8 (የአማርኛን ፊደል በሚይዘው የጽሑፍ አቀማመጥ) ካልተቀመጠ ስሙ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ሙሉውን ከማስገባታችሁ በፊት 20 መስመር አስገብታችሁ አንድ በአንድ እዩ።

«አማርኛ ይጽፋል፣ አለቀ»

መጻፍ ሌላ፣ ፈልጎ ማግኘት ሌላ። «ፀሐይ» ብላችሁ መዝግቡና «ጸሀይ» ብላችሁ ፈልጉ፤ አብዛኞቹ አያገኟትም። ስለዚህ በመደብሩ ውስጥ ፍለጋ በስም ሳይሆን በስልክ የመጨረሻ አኃዞች ይሁን።

ሰዓቱም ያው ነው። ደንበኛው «3 ሰዓት ላይ ደውሉልኝ» ሲል ሻጩ 3 ብሎ ከሞላ ማስታወሻው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይጮኻል። የአካውንቱ የሰዓት ክልልም ብዙ ጊዜ በውጭ አገር ሰዓት ተሞልቶ ስለሚመጣ መጀመሪያ አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ላይ አድርጉት። የኛን ቀን አቆጣጠር ለማያውቅ ሶፍትዌር ቀጠሮን በወሩ ቀን ከመሙላት «ከ5 ቀን በኋላ» የሚለውን መጠቀም ከስህተት ያድናል።

«ሶፍትዌሩ ሽያጭ ይጨምራል»

የሚደውለው ሰው ነው።

«መረጃው የኛ ስለሆነ በፈለግን ጊዜ ይዘን እንወጣለን»

የስልክ ዝርዝሩ በቀላሉ ይወጣል። ከደንበኛዋ ጋር የተጻፈው ማስታወሻ፣ የተያያዘው ፕሮፎርማና የጥሪው ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ በሌላ ፋይል ነው የሚወጡት፣ አንዳንዱ ጋር ጨርሶ አይወጡም። ከመክፈላችሁ በፊት በሙከራው ጊዜ ሁሉንም አስወጥታችሁ ክፈቱት። የአንዲት ደንበኛን መረጃ ከነማስታወሻው ማጥፋትም ሞክሩ፤ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ሰው መረጃው እንዲታረም ወይም እንዲሰረዝ መጠየቅ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ዋናው አካውንት በማን ኢሜይል እንደተከፈተ ተመልከቱ። ኮምፒውተር የሚችለው ሠራተኛ በግል ኢሜይሉ ከፍቶት ከሆነ እሱ ሲለቅ የይለፍ ቃሉም የማረጋገጫ ኮዱም አብሮት ይሄዳል። በድርጅቱ ኢሜይልና በድርጅቱ ሲም ይከፈት። ሻጭ ሲለቅ ደግሞ መግቢያውን ወዲያው አግዱ፤ ከመሰረዛችሁ በፊት ግን በስሙ ያሉትን ደንበኞችና ቀጠሮዎች ለሌላ ሻጭ አዛውሩ።