በወሎ የአማተር እግር ኳስ፦ ዳኝነትና የተጫዋቾች ጉዳት

ወሎ ውስጥ ኳስ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያየው የሰፈር፣ የቀበሌ፣ የትምህርት ቤት፣ የመሥሪያ ቤትና የጤና ቡድን ጨዋታ ነው። ወልድያ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ ትልቅ ስታዲየም አላት፤ የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም ይባላል። ከኮምቦልቻ እስከ ቆቦ፣ ከሐይቅ እስከ መካነ ሰላም ግን ኳስ የሚንከባለለው ባብዛኛው በአፈር ላይ ነው። ሜዳው በበጋ ጠጠርና አቧራ ነው፤ ትምህርት ተዘግቶ ውድድሩ በሚደራበት ክረምት ደግሞ ጭቃ ይሆናል። ተጫዋቹ ደመወዝተኛ አይደለም። እግሩ ቢሰበር የሚያሳክመው ክለብ የለውም፤ የቀን ሠራተኛ ከሆነም ገቢው በዚያው ይቆማል። በዚህ ደረጃ የዳኛው የመጀመሪያ ሥራ ውጤቱን ሳይሆን የተጫዋቹን እግር መጠበቅ ነው።

ከጨዋታው በፊት

ዳኛው የስፖርት መምህር፣ ኳስ ያቆመ ተጫዋች ወይም የዳኝነት ኮርስ ወስዶ ገና በታችኛው ደረጃ ያለ ወጣት ሊሆን ይችላል። ማንም ይሁን፣ ከተጫዋቾቹ ቀድሞ ደርሶ ሜዳውን በእግሩ መዞር አለበት። ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው ጎል ነው። ሕጉ 7.32 ሜትር በ2.44 ሜትር ከማለቱ ባሻገር ጎሉ ከመሬት ጋር በደንብ እንዲታሰር ያዛል። ካልተቀበረ የሚንቀሳቀስ ጎል አግዳሚ ላይ አንድ ልጅ ከተንጠለጠለ ተገልብጦ ሊገድለው ይችላል። መረቡ የታሰረበት ሚስማር ወይም ሽቦ ወደ ውስጥ መውጣት አለመውጣቱ በእጅ ይዳሰሳል። የማእዘን ባንዲራው እንጨት ቁመቱ ከ1.5 ሜትር ማነስ፣ ጫፉም መሾል የለበትም።

መስመሩ በኖራ ከተሰመረ ሌላ ጣጣ አለ። ያልበረደ ኖራ እርጥበት ሲያገኝ ያቃጥላል፤ በዝናብ ቀን ተንሸራቶ በፊቱ የወደቀ በረኛ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። ጀሶ ይሻላል። ኖራ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳይታሽ ቢያንስ 20 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እየታጠበ ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል።

ቀጥሎ የተጫዋቾቹ እግር ይታያል። መጋጫ (የቅልጥም መከላከያ) ግዴታ ነው፤ በካልሲ መሸፈንም አለበት። ቡድኑ ለሁሉም የሚበቃ መጋጫ ከሌለው ካርቶን አጥፎ ካልሲ ውስጥ የሚከት አይጠፋም፤ ተቀይሮ የሚገባውም ከወጪው ይዋሳል። መዋዋሱ ችግር የለውም፣ ካርቶኑ ግን መከላከያ አይደለምና ዳኛው ሊቀበለው አይገባም። ታኬታው ተገልብጦ ይታያል፤ ጥርሱ ተበልቶ የሾለ ከሆነ ሥጋ ይቆርጣል። በደረቅ ሜዳ አጫጭርና ብዙ ጥርስ ያለው የጎማ ታኬታ ይመረጣል። ረጅም ጥርስ መሬቱን ነክሶ እግሩን ሲይዘው ሰውነት ይዞራል፤ እግር ግን ባለበት ይቀራል። የጉልበት ጅማት ማንም ሳይነካው የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ቀለበት፣ ሐብልና አምባር ይወልቃሉ፤ በፕላስተር መሸፈን አይበቃም።

ኳሷ ዙሪያዋ ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ጨዋታ ሲጀመር ከ410 እስከ 450 ግራም ነው። ስፌቷ የላላ አሮጌ ኳስ በዝናብ ውሃ ጠጥታ ከዚህ በላይ ትከብዳለች፤ ያኔ በቴስታ መምታት አንገትንና ጭንቅላትን ይጎዳል።

ሰዓቱም ጉዳት ያመጣል። ሁለት ጊዜ 45 ደቂቃ፣ 15 ደቂቃ እረፍትና የባከነው ጊዜ ሲደመር 110 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። በ11 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ ማለቂያው ጨለማ ነው። በ10 ሰዓት መጀመር የነበረበት ጨዋታ ያልደረሰች ቡድን ስትጠበቅ ከዘገየ፣ የውድድሩ ደንብ ከፈቀደ ዳኛውና ሁለቱ ቡድኖች ሳይጀመር ተስማምተው ሁለቱንም አጋማሾች እኩል ማሳጠር ይችላሉ። በረመዳን አንዳንዱ ተጫዋች ከንጋት ጀምሮ ውሃ አልቀመሰም፤ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ላይ እግሩ ይዝላል፣ ዘግይቶም ይደርሳል። የወጣ ተመልሶ እንዲገባ የሚፈቅድ ደንብ ለአማተር ውድድር ሕጉም አይከለክለውም፤ ወሎ ላይ ደግሞ ሊለመድ የሚገባው ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ከዚያ ወጥቶ ደሴ የሚጫወት ቡድንም ትንፋሹ ቶሎ ስለሚያጥረው መፍትሔው ተመሳሳይ ነው።

ፊሽካው

ሕጉ ጥፋትን በሦስት ይከፍላል። ጥንቃቄ የጎደለው ገጠማ ቅጣት ምት ብቻ ነው። በተጋጣሚ ላይ የሚደርሰውን አደጋ ከቁብ ያልቆጠረ ቢጫ ያሰጣል። ከመጠን ያለፈ ኃይል የተጠቀመ ወይም የሌላውን ደህንነት አደጋ ላይ የጣለ በቀይ ይወጣል። በሰፈር ውድድር ይህን ልዩነት የሚያጠፋው «ኳሷን ነክቷል» የሚለው ክርክር ነው። ኳሷን መንካት ነጻ አያወጣም። ሁለት እግሩን አንስቶ ታኬታውን እያሳየ በሸርተቴ የገባ፣ ኳሷን አግኝቶም ከኋላዋ ያለውን ቅልጥም ከሰበረ ቀይ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የመጀመሪያውን ጥፋት «ገና ነው» ብሎ ማለፍ ነው። በ5ኛው ደቂቃ ቁርጭምጭሚቱን የተመታ ልጅ ዳኛው ዝም ካለው በ20ኛው ደቂቃ ራሱ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፊሽካ ብቀላ ማባረር ብቻ ይሆናል። ሦስተኛው የዓይን ጉዳይ ነው። ብቻውን የሚዳኝ ሰው ኳሷን ተከትሎ ይዞራል፤ ክፉው ምት ግን የሚያርፈው ኳሷ ከእግር ከወጣች በኋላ ነው። ልምድ ያለው ዳኛ ኳሷ ከተመታች በኋላም አንድ ሰከንድ ያህል ዓይኑን በመታው ልጅ ላይ ያቆያል።

ረዳት ዳኛ ተመድቦ ካልመጣ ባንዲራውን የሚይዙት ከሁለቱ ቡድን የተሰጡ ልጆች ናቸው። ኳስ መውጣቷን ብቻ እንዲያሳዩ፣ ከጨዋታ ውጪንና ጥፋትን ዋናው ዳኛ ብቻ እንደሚወስን አስቀድሞ ለአምበሎቹ ይነገራል። ተመልካቹ መስመሩ ላይ ከቆመ ጨዋታው አይጀመርም፤ ክንፍ ላይ የሚሮጥ ልጅ ሰው ላይ ሳይወድቅ የሚቆምበት ቢያንስ 2 ሜትር ያስፈልገዋል።

ወሎ ሽምግልናን ያከብራል፣ ከጨዋታ በኋላ የተጣሉትን ማስታረቁም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እርቁ የካርድ ቅጣትን ሲያነሳ ይበላሻል። በይቅርታ በሳምንቱ ተመልሶ የገባ ልጅ ያው አገባቡን ይዞ ይገባል። እርቁ ለሰዎቹ፣ ቅጣቱ ለጨዋታው ተለይቶ መያዝ አለበት።

ሲጎዱ

ቀላል ጉዳት ከሆነ ኳሷ እስክትወጣ ጨዋታው ይቀጥላል፤ ከባድ ከመሰለ ወዲያው ይቆማል። የሚደማ ልጅ ደሙ እስኪቆም ይወጣል፤ ማልያው ደም ከነካው ይቀይራል። ጭንቅላቱን ተመትቶ የፈዘዘ፣ የተንገዳገደ ወይም ውጤቱን የረሳ በዚያ ቀን አይመለስም፤ «ደህና ነኝ» ማለቱ አይቆጠርም። ራሱን ከሳተ ውሃ መድፋትና ክብሪት ማሽተት ጥቅም የለውም። አተነፋፈሱ ይታያል፣ አንገቱ ሳይንቀሳቀስ ይያዛል። ካልተነፈሰ ደረቱ መሐል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ እየተጫኑ እርዳታ ይጠራል።

በጣም የሚበዛው የቁርጭምጭሚት ወለምታ ነው። የቡድኑ ወጌሻ እጁ የሚቸኩለው ለማሸት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ግን ማሸት፣ ሙቅ ውሃና የሚያቃጥል ቅባት መድማቱንና እብጠቱን ያብሳሉ። ከለስላሳ መሸጫ በረዶ ተገኝቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዝ፣ በፋሻ ይታሰር፣ እግሩ ከፍ ይበል። አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ራጅ ያስፈልገዋል። በጠጠር የተላጠ ጉልበት በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ አፈር ስለሆነ የቴታነስ ክትባት ይጠየቃል። ቋንጃው የተሰነጠቀ ልጅ «ሞቆኛል» ብሎ ከተመለሰ ስንጥቁ ይሰፋል፤ ወራት ያስቀምጠዋል።

ስብራት ላይ ያለው አደጋ የሚብሰው ከሜዳ ከወጣ በኋላ ነው። አጥንቱ ሳይጎተት፣ ከስብራቱ በላይና በታች ያለው መገጣጠሚያ እንዳይንቀሳቀስ በጣውላ ወይም በወፍራም ካርቶን ላላ ተደርጎ ታስሮ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ቤተሰብ በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ አጥብቆ ወደሚያስር የሰፈር ወጌሻ ከወሰደው ግን፣ እብጠቱ ሲጨምር ማሰሪያው ደም ይዘጋል፤ ጋንግሪን ይዞት እግር የሚቆረጠው በዚህ ነው። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከባሰ ማሰሪያው በዚያው ቅጽበት ይላላል። የእግር ጣት ጥፍር ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይኬዳል።

ዳኛው በሪፖርቱ ካርዶቹን ብቻ ሳይሆን የተጎዳውን ተጫዋች፣ ደቂቃውን፣ በምን ዓይነት ገጠማ እንደተጎዳና ማን እንዳነሣው ይጽፋል። የውድድሩ ኮሚቴ ለሕክምና ገንዘብ ቢያሰባስብ፣ በጥፋተኛው ላይ ቢወስን ወይም ሜዳው እንዲጠገን ቢጠይቅ በእጁ የሚኖረው ጽሑፍ ይኸው ነው።