የጦር አውሮፕላን አጀማመር፦ ከትሪፖሊ እስከ ተከዜ

በዲሴምበር 1903 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የራይት ወንድማማቾች አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነሣ አየር ላይ የቆየችው 12 ሰከንድ ብቻ ነበር። ይህ በሆነ በስምንት ዓመት ውስጥ ከአውሮፕላን ላይ ቦምብ ተጣለ።

ቦታው ሊቢያ ነው። ኢጣሊያ በ1911 ትሪፖሊን ከኦቶማን ቱርኮች ለመንጠቅ ስትዘምት ጥቂት አውሮፕላኖችን ከጦሩ ጋር አሻገረች። ኦክቶበር 23 ቀን ሻምበል ካርሎ ፒያዛ የቱርኮችን ሰፈር ከላይ ሰልሎ ተመለሰ። ኖቬምበር 1 ቀን መቶ አለቃ ጁሊዮ ጋቮቲ አራት ትንንሽ ቦምቦች ይዞ ተነሣ። የቦምብ መስቀያም ሆነ ማነጣጠሪያ ስላልነበረው ሦስቱን በቆዳ ቦርሳ፣ አንዱን በኮቱ ኪስ ከትቶ ነበር። በአንድ እጁ መሪውን እንደያዘ በሌላው ቦምቡን አሰናድቶ፣ ክንፉን እንዳይነካ አርቆ በአይን ዛራና በታጁራ ላይ ወረወረው። ያደረሰው ጉዳት ኢምንት ነበር፤ የከፈተው በር ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ የአውሮፕላን ዋና ሥራ ስለላ ነበር። በ1914 የጀርመን ጦር ከፓሪስ በስተምሥራቅ መታጠፉን ካዩት መካከል አብራሪዎች ይገኙበታል፤ ይህም የጀርመን ግስጋሴ ለተገታበት የማርን ውጊያ መንገድ ጠረገ። በሰማይ የሚገናኙ አብራሪዎች በመጀመሪያ በሽጉጥና በጠመንጃ ይታኮሱ ነበር። በ1915 ጀርመኖች የመትረየሱ ጥይት በሚሽከረከረው ፕሮፔለር ክንፎች መካከል እንዲያልፍ የሚያደርግ መሣሪያ ሲገጥሙ እውነተኛው የአየር ላይ ውጊያ ተጀመረ። ጁን 13 ቀን 1917 የጀርመን ቦምብ ጣዮች በጠራራ ፀሐይ ለንደንን ደብድበው 162 ሰዎችን ገደሉ፤ ከእነዚህ 18ቱ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የነበሩ ሕፃናት ናቸው። እንግሊዝ ከዚህ በኋላ በ1918 ከምድር ጦርና ከባሕር ኃይል የተለየ የአየር ኃይል አቋቋመች።

የአየር ጦርነት ንድፈ ሐሳብ ዋና ሰው ጣሊያናዊው የጦር መኮንን ጁሊዮ ዱዌ ነው። የበላይ አዛዦችን የሚተች ማስታወሻ በመጻፉ በ1916 ተከሶ አንድ ዓመት ታሰረ። በ1917 የጣሊያን ጦር በካፖሬቶ ሲፈርስ ትችቱ ልክ እንደነበር ታየና ፍርዱ በ1920 ተሻረለት። በዓመቱ «የአየር የበላይነት» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሰማይ ሰፊ ስለሆነ አጥቂን ከላይ መከላከል አይቻልም፤ የሚበሩትን ወፎች ከማሳደድ ጎጇቸውንና እንቁላላቸውን መሬት ላይ መስበር ይሻላል። ከዚያ ከተሞችን በፈንጂ፣ በተቀጣጣይ ቦምብና በመርዝ ጋዝ መምታት፤ ሕዝቡ ራሱ መንግሥቱን እጅ ያሰጣል። አስደንጋጩ ነገር ዱዌ ይህን ምሕረት አድርጎ ማየቱ ነው፤ ጦርነቱ ፈጥኖ ስለሚያልቅ የሚሞተው ሰው ያንሳል ብሎ ያምን ነበር።

በአሜሪካ የጦር መኮንኑ ቢሊ ሚቸል በ1921 ከጀርመን የተማረከ የጦር መርከብ በቦምብ አስጥሞ ተመሳሳይ ክርክር አነሣ፤ አለቆቹን በይፋ በመዝለፉም በ1925 በጦር ፍርድ ቤት ተቀጣ። እንግሊዞቹ ግን ሐሳቡን በቅኝ ግዛት ሞከሩት። በ1920 መጀመሪያ በሶማሌላንድ ለሃያ ዓመታት ያስቸገሯቸውን የደርቪሾች መሪ የሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰንን ምሽጎች በ12 አውሮፕላኖች ደበደቡ። ሰይድ መሐመድ ወደ ኦጋዴን አፈግፍገው በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢሚ ላይ አረፉ። የእግረኛውና የግመል ጦሩ ድርሻ ቀላል አልነበረም፤ ለንደን ግን ድሉን ለአውሮፕላን ቆጠረችው፤ በኢራቅም ዘዴውን ደገመችው። መሸሸጊያም ሆነ ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ በሌለው ሕዝብ ላይ የተገኘ ውጤት እንደ ማስረጃ መቆጠሩ የዚያ ዘመን ትልቅ ስሕተት ይመስለኛል።

ኢትዮጵያም የመጀመሪያ አውሮፕላኗን በ1929 ተቀብላ በማግስቱ ዓመት ለጦርነት አሰልፋለች። በማርች 1930 በአንቺም ጦርነት የማዕከላዊው መንግሥት አውሮፕላን በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ መጀመሪያ ወረቀት፣ ኋላም ቦምብ ጥሏል።

ኢጣሊያ በ1935 ስትወር ይዛ የመጣችው በመቶዎች የሚቆጠር አውሮፕላን ነበር። የሚደበደብ ፋብሪካ በሌለበት አገር ዒላማው ሠራዊቱ፣ ከብቱ፣ ወንዙና የቀይ መስቀል ሆስፒታሉ ሆነ። ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ስምምነት ፈርማለች። ሆኖም በዲሴምበር 1935 በተከዜ አካባቢ የራስ እምሩ ወታደሮች ላይ ከአውሮፕላን በርሜሎች ወረዱ። በርሜሎቹ መሬት ወይም ውኃ ሲነኩ ተሰንጥቀው ቀለም የሌለው ፈሳሽ አፈሰሱ፤ የነካቸው ሰዎች እጃቸው፣ እግራቸውና ፊታቸው በውኃ ቋጠሮ ተሞላ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጁን 1936 በጄኔቫ እንደተናገሩት፣ ቀጥሎ መርጫ ተገጠመና ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት አውሮፕላኖች እየተከታተሉ መርዙን እንደ ጉም አነጠፉት።

አርበኞች ግን ከሰማይ እየተደበደቡ እስከ 1941 በዱር በገደሉ ተዋጉ። የኢጣሊያ የመከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1996 ነው።